ወንጪት ዳር የቀባኋት ጀልባ

ጀልባ ከመርሐቤቴ ሰው ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብሆን እላለሁ። እኛ አገር ውሃ የሚታወቀው ከላይ ሲወርድ ወይም ገደል ሥር ሲጮህ ነው፤ ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ግን አንድ ክረምት ጀልባ ነበረን። ቀለሟን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቀለሙን ያቀጠንኩትም እኔ ነኝ። ላወራችሁ የተነሣሁት ስለዚያ ቀለም ነው።

ዘመኑ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዓለም ከተማ ላይ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ሱቅ ነበረችኝ። ምስማር፣ ማጠፊያ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የምታወቀው በቀለም ነው። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቀሪውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነው፤ ብቻ ጥሩ ጠባይ አያስተምርም።

ኃጢአቴን አስቀድሜ ልናገር። የዘይት ቀለም እንዳለ አይቀባም፤ መቅጠን አለበት። የሚቀጥነው ደግሞ አኳራጅ በሚባለው ፈሳሽ ነው። አኳራጅ ውድ ነው፤ ላምባ ርካሽ ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ አንዱን ጋሎን በላምባ አንድ ተኩል አደርገዋለሁ። በዓመቱ ደንበኛዬ እየተቆጣ ይመጣል።

"ደምሴ፣ በሬ ተላጠ'ኮ!"

"ዘንድሮ ፀሐዩን አላየኸውም?" እለዋለሁ። "ፀሐዩ ሌላ ነው።"

ሰውዬው ወደ ሰማይ ቀና ይላል፤ እውነትም ፀሐይ አለች። ሌላ ጋሎን ገዝቶኝ ይሄዳል። በወረዳው ለተላጠው በርና መስኮት ሁሉ ፀሐይን ስወነጅል ኖሬያለሁ። እሷም አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም ነበር።

ላቀው የታናሽ እህቴ የበለጡ ባል ነው። ትውልዱ ከወንጪት ማዶ ከመንዝ፣ በዘመሮ በኩል ነው፤ እህቴን ሲያገባ ወደዚህኛው ዳር ተሻግሮ ከመሻገሪያው በላይ ባለች መንደር ጎጆ ወጣ። ዋናተኛ ነበር። ክረምት ወንጪት ሲሞላ ሁለቱ ዳርቻ ሁለት አገር ይሆናሉ፤ ገበያተኛውም፣ ደብዳቤውም፣ እጮኛውም መስከረምን ይጠብቃል። የማይጠብቀው ሬሳ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የትም ይኑር የት፣ የሚቀበረው አባቶቹ ያረፉበት ደብር ነው። ስለዚህ በክረምት ማዶ የሚቀበር ሰው ሲኖር ላቀው ይጠራል። ቃሬዛውን በተነፋ የመኪና ጎማ ላይ ያስራል፤ ገመዱን በጥርሱ ነክሶ እየዋኘ ያሻግራል።

"ሬሳ ጥሩ ተሳፋሪ ነው" ይለኝ ነበር። "አይጮህም፣ አይንቀጠቀጥም፣ ቀስ በል እያለ አያዝህም።"

ይህን የሰማ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጀልባ ላከ። ስምንት ሰው የምትይዝ፣ ፋይበር ከሚሉት ነገር የተሠራች፣ ስትነካ እንደ ሸክላ ሳህን የምትለሰልስ። መኪናው መንገዱ እስካለበት አምጥቶ አራገፋት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት አርባ ሰው ሆነን፣ በሁለት ረጃጅም አጣና ላይ አስረን፣ እየተቀባበልን አወረድናት። ከታች የሚመጣ አንድ መንገደኛ ከሩቅ አይቶን የትልቅ ሰው ቀብር መስሎት ነጠላውን አዘቀዘቀ። ሲቀርብ ግራ ገባው።

"የማን ሬሳ ነው?" አለኝ።

"የፈረንጅ" አልኩት።

ቀለሟ ብርቱካንማ ነበር። ደብዛዛው አይደለም፤ ዓይን የሚወጋው። ከጀልባዋ ጋር የመጣው የድርጅቱ ወጣት አሠራሯን ለላቀውና ለእኔ አሳየን። ከዳር እዳር ወፍራም ገመድ ይወጠራል፤ ጀልባዋ በገመዱ ላይ ተያይዛ በእጅ እየተሳበች ትሻገራለች።

"ገመዱ ቢበጠስስ?" አለ ላቀው።

"ልትገለበጥ ትችላለች። ግን አትሰምጥም። ሆዷ ላይ ወጥተህ ትይዛለህ። ቀለሟ ከገደል ራስ ይታያል፤ መጥተው ያወጡሃል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ቀለሙን እንዳትነኩት።"

ቀለም ነጋዴ መሆኔን ማን እንደነገረው አላውቅም። ብቻ ሰምቻለሁ። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አላውቅም።

ነገሩን ያነሡት የእድሩ ዳኛ አያ ሽብሩ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። ጀልባዋን በዱላቸው እየነካኩ ዞሯት።

"ላቀው፣ ልጄ፣ እቺን ምን ብለን ነው የምንሳፈርባት?"

"ምን ሆነች፣ አያ?"

"ሠርገኛ መሰለቻ! ሰው አባቱን ሊቀብር፣ ደረቱን እየደቃ፣ በዚች ላይ ተቀምጦ ሊሻገር? ሬሳው ራሱ ያፍራል።"

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የመስማማት ሳቅ ነበር። ሴቶቹም አጉረመረሙ። ለቅሶ ደራሽ ከል ለብሶ በዚያች ጀልባ ሲሻገር በዓይነ ኅሊናቸው አይተውታል።

"ቀለሙ ለደኅንነት ነው ብለዋል" አለ ላቀው ቀስ ብሎ።

"ለደኅንነት እመብርሃን አለች" አሉ አያ ሽብሩ።

ይሄኔ እኔ ገባሁበት። ጓዳዬ ውስጥ ስድስት ጋሎን ቡናማ ቀለም ነበረኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ብዬ ያስመጣሁት ነው፤ አረንጓዴ ነው የፈለግነው ብለው ትተውብኛል። ከዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ አየዋለሁ።

"አያ፣ ቡናማ ብትሆንስ?" አልኩ። "እንደ አፈር። ጨዋ ቀለም ነው፤ ለለቅሶም ለገበያም ይሆናል።"

"ተባረክ! ይኸው፣ የተማረ ሰው ሲናገር!"

በዕድሜዬ የተማረ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰዉ ሲበተን ላቀው ወደ ጎን ወሰደኝ። "ደምሴ፣ ባንነካትስ?"

"ሰው ካልተሳፈረባት ምን ትሠራልሃለች? ዶሮ ታሳድርባታለህ?"

"እሱስ እውነትህን ነው።"

"ደሞ አንተ ዋናተኛ ነህ። ማን ሊፈልግህ ነው?"

"አንተ" አለ እየሳቀ። "አንተ ትፈልገኛለህ።"

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ጋሎኖቹን በአህያ ጭኜ ወረድኩ። መጀመሪያ እንደ ልማዴ በላምባ ያቀጠንኩትን ከጎኗ ላይ መዳፍ በምታህል ቦታ ቀባሁና አሳደርኩት። በማግስቱ ላቀው በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር ቢያደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ሳብ ወጣ። ልጣጩን ወደ ሰማይ አንሥቶ በውስጡ አየኝ።

"ፀሐዩ ነው አትለኝም?"

ዘመድ መጥፎ ነው፤ ሁሉን ያውቃል። አፈርኩ፤ ሥራዬን ከጀመርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። የእህቴ ጎጆ በዚች ጀልባ ሊተዳደር ነው፤ የእህቴ ባል በየቀኑ ሊቀመጥባት ነው። ለእነሱ ስል አንድ ጊዜ በሕጉ ልሥራ አልኩ።

ፋይበር ቀለም አይወድም። ልስላሴው ካልተገፈፈ በቀር የሚይዝበት ቦታ የለውም። ጀልባዋን ገልብጠን ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግናት፤ እሱ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው፣ ፊታችንና ቅንድባችን በብርቱካንማ ዱቄት ተሸፍኖ። በለጡ ምሳ ይዛ ወርዳ ስታየን "ከሁለት አንዳችሁን አግብቻለሁ፣ ማናችሁን ነው?" ብላ ሳቀችብን። ከዚያ በሳሙና አጠብናት፤ ስትደርቅ በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ወለወልናት። የመጀመሪያውን ቅብ ቀጠን አድርጌ በጠበጥኩት፣ በአኳራጅ ብቻ፤ ከመማሰያው እንጨት ላይ ሲወርድ ክር ሳይሠራ፣ ውሃም ሳይሆን። ቀጭኑ ቅብ በብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ውስጥ ገብቶ ሥር እንዲሰድ ነው። አንድ ቀን አሳድረን ሁለተኛውን ወፈር አደረግን። ሌላ ቀን አሳድረን ሦስተኛውን ደገምን። ላምባ አጠገቤም አልደረሰ።

ሲደርቅ "ና ሞክረው" አልኩት።

በጥፍሩ ጫረው፤ አልሆነም። ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን የጀልባዋን ሰንሰለት ቁልፍ አወጣ። ጓጉንቸሯን ከእኔው ሱቅ ነው የወሰደው። በቁልፏ ጥርስ ጫን አድርጎ ፋቀው። ቀጭን መስመር ብቻ ቀረ።

"ይሄስ እኔንም ይቀብረኛል" አለ።

እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት። ምስጋናም ነበር። በሕይወቴ አንድም ሳልሰርቅበት የሠራሁት የቀለም ሥራ ያ ነው።

ሰኔና ሐምሌ ጀልባዋ ሠራች። አያ ሽብሩ ሁለት ሬሳ ሸኝተው ተሻግረውባት "አሁን ጨዋ ሆነች" አሉ።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ገብቶ፣ ለዘመሮ ገበያ ጨውና ሳሙና ይዤ በጠዋት ወረድኩ። አያ ሽብሩም ማዶ የሚጠይቁት ዘመድ ኖሯቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሦስት ጎረምሶችም አሉ። ላቀው ሴቶች አሻግሮ ማዶ ነበር። እጄን አወዛወዝኩለት። ባዶ ጀልባዋን ገመዱን እየሳበ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ሊወስደኝ። ከላይ ከመንዝ ሌሊቱን ጠቁሮ ሲዘንብ አድሯል፤ ወንዙ ግን ገና ደኅና ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ብዙ ከባድ መኪና አብሮ ቁልቁለት የሚወርድ ዓይነት ጉርምርምታ። ከጎረምሶቹ አንዱ "ደራሽ ውሃ!" ብሎ ጮኸ።

"ላቀው! ሳበው! ቶሎ በል!" አልኩ እኔ።

ሽቅብ አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ እጁንም አነሣ፣ ቆይ እንደማለት። ግንባሩ ላይ ትልቅ ግንድ የተሸከመ የጭቃ ግድግዳ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ግንዱ ገመዱን መታው። ገመዱ ሲበጠስ የጠመንጃ ያህል ጮኸ። ጀልባዋ በጎኗ ዞረች፣ ሄደች፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ተገለበጠች። ሆዷን አንድ አፍታ አየሁት፤ ከዚያ ከውሃው መለየት አልቻልኩም።

ጨዌን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ሁላችንም ሮጥን፤ አያ ሽብሩ እንኳ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉን። በወንጪት ዳር ግን ቀጥ ብሎ አይሮጥም፤ ገደሉ ያግድሃል፣ ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ወንዙ ሰፋ የሚልበትን ቦታ ቁልቁል የሚያሳይ ጉብታ ላይ ደረስን። ከታች መሐል ውሃው ውስጥ ትልልቅ ድንጋዮች አሉ፤ ጎርፉ እየዘለላቸው ይሄዳል።

"ላቀው!" አልን በአንድነት። የመለሰልን ገደሉ ነው።

አያ ሽብሩ ትንፋሻቸው ሲመለስ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቁልቁል አዩ።

"ደምሴ፣ ያ መሐል ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"የቱ፣ አያ?"

"ያ ጎበጥ ያለው።"

አየሁት። ውሃው ቡናማ ነው፤ አረፋው ቡናማ ነው፤ ድንጋዮቹም በጭቃ ተለቅልቀው ቡናማ ናቸው። መሐላቸው አንድ ጎበጥ ያለ ነገር አለ።

"ድንጋይ ነው" አልኩ።

"አጥብቀህ እየው እስቲ።"

"አያ፣ የእርስዎ ዓይን ደክሟል። ቀለም የምለየው እኔ ነኝ።"

"እሱስ አዎ" አሉ።

አልፈን ሄድን።

ወንጪት ከጀማ እስከሚገናኝበት ድረስ ፈለግን። ያገኘነው አንድ መቅዘፊያና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሞተ በግ ነው። ሲመሽ አንድ መንደር አስጠጉን። ያን ሌሊት በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ።

ሲነጋ ወደ ላይ እየተመለስን በመጣንበት ዳሩን እንደገና ማሰስ ያዝን። ወንዙ በግማሽ ጎድሏል። ያው ጉብታ ላይ ስንደርስ ደመናው ተከፈለና ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ገባች። አያ ሽብሩ ቆሙ።

"ደምሴ" አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። "ያ ድንጋይህ..."

"ምን ሆነ?"

"እሳት የመሰለ ነገር አወጣ።"

ጎበጥ ያለው ነገር ጫፍ ላይ ትንሽ፣ ዓይን የሚወጋ ብርቱካንማ ነገር ይበራል። ዕድሜዬን ሙሉ የወነጀልኳት ፀሐይ ያን ጠዋት መልሷን ሰጠችኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ጎረምሶቹ ወገባቸውን በገመድ ተያይዘው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ጀልባዋ ተገልብጣ በሁለት ድንጋዮች መሐል ተቀርቅራለች። ላቀው በሆዱ ሆዷ ላይ ተኝቷል፤ ከጀልባዋ አፍንጫ የተንጠለጠለውን ገመድ በወገቡ ዙሪያ አስሯል። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ተጣሟል። ለዚህ ነው ዋናተኛው ያልዋኘው። ካኪ ኮቱ በጭቃ ተለቅልቆ ከቀለሜ ጋር አንድ ሆኗል።

አንዱ ጎረምሳ አንገቱን ነካና ቀና ብሎ አየኝ። "ሰውነቱ ገና አልደረቀም" አለ። "እስኪነጋጋ በሕይወት ነበር።"

ቀኝ እጁ የጀልባዋን ቁልፍ ጨብጧል። ከእጁ ፊት ለፊት፣ እንደምንም ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ተፍቆ ብርቱካኑ ወጥቷል። ዙሪያው በሙሉ ጭረት ነው፤ ረጅም፣ አጭር፣ የተንሸራተተ፣ እንደገና የተጀመረ። ቁልፏ ጥርስ አልነበራትም። ተፍቆ አልቋል።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ጠብቁኝ። ያቺን ጀልባ ለሌላ ደንበኛ እንደምሠራው በላምባ ሠርቻት ቢሆን ኖሮ፣ ላቀው ቀለሙን በአንድ ጥፍር ይገፍፈው ነበር። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሆዷን በሙሉ ብርቱካን ያደርገው ነበር። እኔም ከጉብታው ላይ ሆኜ ድንጋይ ነው አልልም ነበር። ዕድሜ ልኬን ሳጭበረብር አንድ ሰው አልገደልኩም። ታማኝ የሆንኩት አንድ ጊዜ ነው።

አስከሬኑን በቃሬዛ፣ ጀልባዋን በትከሻ፣ ከየመንደሩ በወጣ ሰው ብርታት ወደ መሻገሪያው መለስናቸው። የሚቀበረው ማዶ፣ አባቶቹ ደብር ነው። ከዳር እዳር በጩኸት መርዶ ተላከ፤ የመንዝ ዘመዶቹ ከዘመሮ በኩል እየወረዱ ነው ተባለ። በለጡ ከሴቶቹ ፊት ፊት እየሮጠች ወረደች። እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። አጠገቡ ተንበረከከችና እጁን አነሣች።

"ጋሼ፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አፈር ነው?"

"ቀለም ነው" አልኩ።

"የምን ቀለም?"

"የጀልባዋ። በቁልፏ እየፋቀው ነበር... ብርቱካኑ እንዲታይ።"

"ማን እንዲያየው?"

ብዙ ሰው ቆሟል። መዋሸት እችል ነበር፤ የሠለጠንኩበት ነው።

"እኔ" አልኩ። "ትናንት አይቼው ነበር፣ በለጡ። ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩት።"

አያ ሽብሩ ዱላቸውን መሬት ላይ አኖሩ። "ልጄ፣ ቀለሟን ያስለወጥኩት እኔ ነኝ። ሠርገኛ መሰለች ብዬ። እኔን እርገሚኝ።"

እሳቸውንም እኔንም አላየችም። ተነሥታ ወደ ጀልባዋ ሄደች፤ የተፋቀችውን ቦታ በሁለት መዳፏ ሸፈነቻት፤ ልክ እጆቿን ታህል ነበር፣ ጥቂት ተረፈች።

"ላቀው ጀምሮታል" አለች። "ጨርሰው።"

"በለጡ..."

"በዚህ ቀለም ባሌ አይሻገርም። ጨርሰው፣ ጋሼ።"

ከዓለም ከተማ አኳራጅ ለማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሬሳው አይጠብቅም። ያለኝ ቢላዬ ብቻ ነበር። ተንበርክኬ ከእሱ ጭረት ጎን ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ በአኳራጅ አቅጥኜ ያቆራኘሁት ቀለም ነው፤ በቀላሉ የሚሄድ መሰላችሁ? የቢላዬ ስለት ሲዞር በድንጋይ ቀጠልኩ። ጉልበቴ ላይ ቡናማ ዱቄት ይከመራል። የሚሰማው የእኔ ፍቅፋቅታና ወንዙ ነው።

ከጎኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አያ ሽብሩ ናቸው። ስለታም ድንጋይ ይዘው፣ ዓይናቸውን ከጀልባዋ አስጠግተው ይፍቃሉ። ጣታቸው ይደማል። ከዚያ ጎረምሶቹ ማጭድ ይዘው መጡ። ከዚያ ሴቶቹ። ሬሳው በነጠላ ተሸፍኖ ይጠብቃል፣ ጥሩ ተሳፋሪ ነው፤ እኛ እንፍቃለን።

ለፍትሐት የመጡት ቄስ "ከዚህ በላይ አይቆይም" ሲሉ አፍንጫዋና አንድ ጎኗ ተጠርጓል። የቀረው ቡናማ ነው። በለጡ አየቻትና "ይበቃል" አለች። ከጎረምሶቹ አንዱ ጫፉን ይዞ ዋኝቶ አዲስ ገመድ ወጥሯል። ቃሬዛውን አሳፈርን፤ እሷ ከራስጌው፣ እኔ ገመዱ ላይ። ገመድ ስስብ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንዙ መሐል ስንደርስ ማዶ ዳር ላይ ገና ለቅሶ ደራሽ አልነበረም። ግን ለቅሶው ጀመረ። ቀና ብል፣ ሩቅ፣ ሰው ጉንዳን በሚያህልበት የመንዝ ገደል ራስ ላይ፣ ነጫጭ ልብስ ተደርድሯል። ከዚያ ሆነው አይተውናል። የጀልባዋን አፍንጫ አይተው ነው፤ በኋላ ነገሩኝ። "አንዲት ቀይ ነገር ውሃው ላይ ስትመጣ አየንና፣ እሱ ነው አልን" አሉኝ።

በለጡ ወደ ላይ አየች፤ ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ለባሏ ነገረችው።

"አዩህ" አለችው። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ተለወጥክ ወይ ብትሉኝ፣ ሱቄ ላይ መላእክት አልወረዱም። አሁንም ዋጋ አስወድዳለሁ፤ አሁንም ጥሩ ምስማር ከላይ፣ የዛገውን ከታች አደርጋለሁ። ላምባ ግን ከጓዳዬ ወጥቷል። ቀለም ሊገዛ የሚመጣን ሰው ስንት ጋሎን ነው የምትፈልገው ከማለቴ በፊት ምኑን ልትቀባው ነው፣ ማን እንዲያየው ነው እለዋለሁ። ይሰለቻሉ። "ደምሴ ቄስ ሆነ፣ ንስሐ ካላስገባን ቀለም አይሸጥም" ይሉኛል። ይበሉ። መንገድ ስሄድ ደግሞ ውሃ መሐል ያለ ድንጋይ ካየሁ ቆሜ ሁለቴ ሳላይ አላልፍም፤ አብረውኝ የሚሄዱ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፣ ቆመው ይጠብቁኛል። አያ ሽብሩ እስኪሞቱ ድረስ አብረውኝ ይቆሙ ነበር። በክረምት ነው የሞቱት። እሳቸውንም ማዶ ነው ያሻገርናቸው፤ ሁለንተናዋ ብርቱካን በሆነች ጀልባ፣ በኑዛዜያቸው መሠረት።

ከስድስቱ ጋሎን አራቱ ነው ጀልባዋ ላይ ያለቀው። ሁለቱ እስካሁን ጓዳዬ መደርደሪያ ላይ አሉ። ምናልባት ውስጡ ደርቋል፤ ከፍቼ አላየሁም። አንዳንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ የሚያይ ደንበኛ አይጠፋም።

"ደምሴ፣ ያ ቡናማው ስንት ነው?"

"ተሽጧል" እለዋለሁ።